«ዝርያው አልተለየም» ማለት አዲስ ባክቴሪያ ነው?

ጥያቄ፦ የልጄ እግር ቁስል አልድን ብሎ መግል ተወሰደና ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የማየት ምርመራ) ተሠራለት። በ4ኛው ቀን «ባክቴሪያ አድጓል፣ ዝርያው አልተለየም» የሚል ወረቀት ሰጡን። በዓለም ያልታየ ነገር ይዞት ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። (እናት፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እህቴ፣ እፎይ ይበሉ። አብዛኛውን ጊዜ «አልተለየም» ማለት ላብራቶሪው ያለው መመርመሪያ እዚያ ድረስ አልደረሰም ማለት ነው።

እኔም ደብረ ብርሃን ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ ገጥሞኛል። ጠዋት ነው፤ ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ባክቴሪያ የምናሳድግበት ማሞቂያ ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩ፣ ውስጥ 37 ዲግሪ ነው። የበግ ደም የገባበት የባክቴሪያ ምግብ ያለበትን ሳህን አወጣሁ። ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ግራጫ ነጠብጣቦች በቅለውበታል፤ አንዳንዶቹ ምግቡን ቦርቡረው ገብተዋል። ክዳኑን ሳነሳ በረኪና በረኪና ሸተተኝ። ያሉንን ምርመራዎች ሁሉ ሠራሁ፣ አልለይ አለ። የጥያቄው ወረቀት «የእጅ ቁስል» ብቻ ይላል። ናሙናው ለጂን ምርመራ ተላከ። መልሱ ሲመጣ ኤይኬኔላ ኮሮደንስ ነው፤ በሰው አፍ ውስጥ የሚኖር፣ ድሮ የታወቀ። ወጣቱን ጠርተን ብንጠይቀው ተጣልቶ የሰው ጥርስ በቡጢ መትቶ ኖሯል!

በእርግጥ አዲስ ዝርያ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ግን መንገዱ ረጅም ነው። መጀመሪያ 16ኤስ የሚባለው ጂን ይነበባል፤ ወደ 1,500 ፊደል አለው። ከታወቁት ጋር ያለው መመሳሰል ከ98.7 በመቶ ካነሰ ጥርጣሬ ይነሳል። ከዚያ ሙሉ ጂኖሙ (የዘር መረጃው በሙሉ) ይነጻጸራል፤ እዚያ ደግሞ የመመሳሰሉ ድንበር ከ95 እስከ 96 በመቶ ነው። ስሙ እንዲጸና ባክቴሪያው በ2 የተለያዩ አገሮች ማከማቻ መቀመጥ፣ መግለጫውም መታተም አለበት። የጨጓራውን ባክቴሪያ ያውቁታል አይደል? አውስትራሊያ ውስጥ በሳህን ላይ የበቀለው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚለውን ስም ያገኘው ግን በ1989 እ.ኤ.አ. ነው።

የልጅዎ ሕክምና ግን ስም አይጠብቅም። «የትኛው መድኃኒት ይገድለዋል?» የሚለው የሴንሲቲቪቲ ምርመራ ተሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሱ፣ ቁስሉ እንዴት እንደጀመረም ይንገሩት። እሾህ ወጋው? ውሻ ነከሰው? ወንዝ ሲገባ ነው? እኛ ይህን ከሳህኑ ላይ አናየውም።