መርፌውን አቁሜያለሁ፤ ወንድነቴ ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 30 ነው። የጂም ጓደኛዬ የሚያመጣልኝን የቴስቶስትሮን መርፌ በየሳምንቱ ለ14 ወር ስወጋ ቆየሁ። ከሁለት ወር በፊት በአንዴ አቆምኩ። አሁን ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኛል። ለባለቤቴም ፍላጎት የለኝም። ጓደኛዬ «በትንሹ ጀምርና ቀስ እያልክ ቀንስ» ብሎኛል፤ በሶፍት የጠቀለለው ኪኒንም ሰጥቶኛል። ልስማው? ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው፤ ልጅ የለንም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቁኝ ስለ አቀናነስ ነው። የሚያስጨንቅዎ ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት መስመር ትመስለኛለች። ከእሷ ልጀምር። መካን ሆኛለሁ ብለው አይደምድሙ። መርፌውን ያቆሙ አብዛኞቹ ወንዶች ዘራቸው ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ እስከ ሁለት ዓመት የሚቆይበትም አለ።

አንድ አልለቅ ያለ ወሬ አለ፦ «ቴስቶስትሮን የወንድ ሆርሞን ነው፤ የተወጋ ቶሎ ያስረግዛል» የሚል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ የዘር ፍሬዎችን «ሥሩ» እያለች በየቀኑ ታዛለች። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ ደሙ ውስጥ ሞልቷል ብላ ትእዛዙን ታቆማለች። ፍሬዎቹ ሥራ ይፈታሉ፤ ያንሳሉም። ዘር ለመሥራት ደግሞ ፍሬዎቹ ራሳቸው ውስጥ የሚመረት ብዙ ቴስቶስትሮን ያስፈልጋል። ክንድ ወይም ዳሌ ላይ የተወጋው ይህን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት እኮ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን የወጋው ለወንዶች የእርግዝና መከላከያ ይሆን እንደሆነ ለማየት ነበር! ከተወጉት 271 ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዘራቸው ጭራሽ ጠፋ። ይህን አንብቦ በራሱ መከላከያ የሚያደርገው ግን እንዳይኖር፤ ሁሉም ላይ እኩል አይሠራም። ልጅ ፈልጎ የሚወጋ ባል ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

ስለ መቀነሱ፦ በዘይት የተዘጋጀው መርፌ ከጡንቻ ተንጠፍጥፎ የሚያልቀው በሳምንታት ውስጥ ነው። መቀነሱን ሰውነትዎ ራሱ ሠርቶታል። አሁን «በትንሹ» ቢጀምሩ ለመንቃት የምትታገለዋን ዕጢ መልሰው ያስተኟታል፤ የቆጠሩት ሁለት ወርም ከዜሮ ይጀምራል። አይጀምሩ። በሐኪም ትእዛዝ ለሕመም የሚወስድ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ኪኒኑንስ ምን ብዬ ልናገር? ስሙ የለም፣ መጠኑ የለም፣ ሶፍት ውስጥ ነው። 14 ወር ሙሉ አንድ የደም ምርመራ ሳያደርጉ ቆይተው አሁንም ሐኪሙ ጓደኛዎ ነው? በቃ።

ድካሙና የፍላጎት ማጣቱ የሚጠበቅ ነው፤ በወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ሆድ መባሱ ግን «ባልኖር ይሻላል» ወደሚል ሐሳብ ከወሰደዎ አይጠብቁ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ለባለቤትዎ ወይም ለሚያምኑት ሰው ተናግረው ሆስፒታል ይሂዱ። ሆርሞኑ ሲወርድ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ይታከማል።

በዚህ ሳምንት የሆርሞን ሐኪም ወይም ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ የመራቢያ አካላት ሐኪም) ይዩ። ደሙ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቁርስ ሳይበሉ ይወሰድ። የዘር ፈሳሽ ምርመራም ያስፈልጋል፤ ለእሱ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ይታቀቡ። መርፌ ወይም ብልቃጥ ከሰው ጋር ተጋርተው ከሆነ የጉበት ቫይረስና የኤችአይቪ ምርመራም ይጨመር። ባለቤትዎም አብረው ይመርመሩ፤ መርፌውን ይንገሯቸው፣ ጥፋቱ የእሳቸው እየመሰላቸው ሊሆን ይችላል። ኪኒኑን አይዋጡት፤ እንደተጠቀለለ ይዘውት ሄደው ለሐኪሙ ያሳዩት።