ሴሉ ሞልቶ ደም ማነስ?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ እያጠረኝ ደም ተመረመርኩ። ወረቀቱ አርቢሲ (የቀይ ደም ሴል ቁጥር) 4.6፣ ሄሞግሎቢን 10.8፣ ሄማቶክሪት (ከደሙ ቀይ ሴል የያዘው መቶኛ) 33፣ ኤምሲቪ 72 ይላል። አርቢሲው ልክ ነው ተብሏል፤ ሐኪሙ ግን ደም ማነስ አለብሽ አሉኝ። ሴሉ ካልጎደለ ምኑ ነው ያነሰው?

መልስ፦ ያነሰው ሴሉ የሚሸከመው ነው። አርቢሲ ብዛት ብቻ ይቆጥራል፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 4.6 ሚሊዮን ቀይ ሴል አለዎት ማለት ነው። ለአዋቂ ሴት ከ4.2 እስከ 5.4 ሚሊዮን የተለመደ ነው፤ ላቦራቶሪዎች ጥቂት ይለያያሉ። ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ግን ሄሞግሎቢን ነው። እርጉዝ ላልሆነች ሴት በዴሲሊትር ደም ከ12 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ደግሞ መነሻው ከፍ ስለሚል 10.8 ይበልጥ ዝቅ ያለ ነው።

ዋናው ፍንጭ ኤምሲቪ፣ ማለትም የሴሉ አማካይ መጠን ነው፤ ከ80 እስከ 100 መሆን ነበረበት። ራስዎ ሊያሰሉት ይችላሉ፦ ሄማቶክሪቱን በ10 አባዝተው ለአርቢሲው ያካፍሉ። 330 ለ4.6 ሲካፈል 72 ገደማ ይመጣል። ሴሎችዎ አሉ፣ ግን ቀጭጨዋል። የብረት ማዕድን ሲያጥረው የደም ሴል የሚሠራው የአጥንት መቅኒ ሥራውን አያቆምም፤ ትንንሽና የገረጣ ሴል ማውጣት ይጀምራል። በዘር የሚወረሰው ታላሴሚያም ሴል ያሳንሳል፤ ኤምሲቪን ለአርቢሲ ሲያካፍሉ ከ13 በታች ከሆነ ወደዚያ ያጋድላል። የእርስዎ 15.7 ስለሆነ ብረት ይጠረጠራል፤ የሚያረጋግጠው ግን የፌሪቲን፣ ማለትም የብረት ክምችት ምርመራ ነው።

የብረት ኪኒን ብቻውን አይበቃም፤ ብረቱ በየት እንደወጣ ይፈለግ። የወር አበባዎ ከ7 ቀን ይበልጣል? ሰገራዎ ደም ለሚመጠው የመንጠቆ ትል ታይቷል? የጨጓራ ቁስለትስ? ኪኒኑን ከቡናና ከሻይ 2 ሰዓት ያህል ያራርቁት፤ ከነሱ ጋር ከዋጡት ሰውነትዎ ብረቱን እምብዛም አያገኘውም። ሰገራ ቢጠቁር አይደንግጡ። በ4 ሳምንት ሄሞግሎቢኑ 1 ግራም እንኳ ካልጨመረ ተመልሰው ይታዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ እንደተስተካከለ ኪኒኑን በማቆም ነው፤ ክምችቱ እስኪሞላ ሌላ 3 ወር ያህል ይወሰዳል።

ጥያቄ፦ የወንድሜ አርቢሲ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ላቦራቶሪ 6.3፣ ሌላው 5.7 አለ። የቱን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ተቅማጥ ወይም የውሃ ጥም ሲኖር የደሙ ፈሳሽ ይቀንስና ሴሎቹ የበዙ ይመስላሉ። ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ከ1 ደቂቃ በላይ ከቆየም ቁጥሩ ከፍ ይላል። በተቃራኒው ሐምራዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ ደም እንደገባበት ቀስ ተደርጎ 8 ጊዜ ያህል ካልተገለባበጠ ደሙ ይረጋል፤ ማሽኑም ያነሰ ይቆጥራል። ለዚህ ምርመራ መጾም አያስፈልግም። ውሃ ጠጥቶ ይድገመው። ዳግም ለወንድ ከተለመደው ጣሪያ ከ6.1 በላይ ከወጣ ለሐኪም ያሳይ፤ ሲጋራም ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርግ የሚያጨስ ከሆነ ይህንኑ ሳይደብቅ ይናገር።