ዳክቱ ባዶ ነው ለምትሉ

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «ዳክት ባዶ ቱቦ አይደለም እንዴ? ይህን ሁሉ ገመድ ምን አመጣው?» ብሎ ጠይቆኛል። ዳክት አየርና አቧራ የሚያልፍበት የላሜራ ቱቦ ነው፤ ገመድ የምንለውም ዳክቱን ከጣሪያ የምናንጠለጥልበትን የሽቦ ገመድ ነው። የሚያስቆጨኝ፣ ወጣት ባለሙያ ስሌቱ ሳይነገረው መሰላል መውጣቱ ነው።

ዲያሜትሩ 400 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተሠራ ዳክት በሜትር 10 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አቧራ የሚስብ ከሆነ ግን የአየሩ ፍጥነት ሲቀንስ ዱቄቱ ከታች ይተኛል። በሜትር ኩብ 500 ኪሎ የሚመዝን ዱቄት ዳክቱን እስከ ግማሽ ቢሞላው በየሜትሩ 31 ኪሎ ይጨምራል። በየ2.5 ሜትሩ ብታንጠለጥሉት አንዱ ነጥብ የሚሸከመው 25 ኪሎ መሆኑ ቀርቶ 103 ይደርሳል።

ሁለት ገመዶች ቀጥ ብለው ከወረዱ 103ቱን እኩል ይካፈሉታል። ቢሙ (ገመዱ የሚታሰርበት የጣሪያ ተሸካሚ) ራቀ ብላችሁ ከቋሚው መስመር 45 ዲግሪ ካዘነበላችኋቸው እያንዳንዱ 73 ኪሎ ይይዛል። በ60 ዲግሪ እያንዳንዱ ሙሉውን 103! ገመዱን ከላይ የያዘው አንከርም ወደ ጎን ይጎተታል። የገመዱ ካርቶን ላይ የተጻፈው የሥራ ጭነት (እንዲሸከም የተፈቀደለት ክብደት) ብዙውን ጊዜ ለቀጥታ ገመድ ነው፤ በውስጡ የተያዘውን የ5 እጥፍ መጠባበቂያም እንደ ትርፍ አትቁጠሩት።

የዛሬ ልጆች እጃችሁ ፈጣን ነው፤ ደስ ይለኛል። ገመዱን በጥርሱ የሚይዘው መቆለፊያ ቶሎ መንከሱ ግን መፈተሹን አስረስቷችኋል። ገመዱን በፒንሳ አትቁረጡ፤ ጫፉ ይፈታታል፣ የመቆለፊያው ጥርስም እኩል አይዘውም። በገመድ መቁረጫ ይቆረጥ፣ መቆለፊያው ላይ ባለው ቀስት አቅጣጫ ይግባ፣ አምራቹ የጠየቀው ጭራ (ከመቆለፊያው አልፎ የሚወጣ ጫፍ) ይተረፍለት። ቀለምና ዘይት አይንካው። ሁለት አጭር ገመድ አትቀጥሉ። ስለታም የብረት ጠርዝ ላይ የሚያልፍ ከሆነ መከለያ ይደረግለት። ጭነቱ ካረፈበት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት።

ገመድ ይጎትታል እንጂ አይገፋም። ፋኑ ሲነሳ መስመሩ ይወዛወዛል፣ መጋጠሚያውም ይላላል፤ ስለዚህ ኤልቦ (መታጠፊያ) እና ቅርንጫፍ አጠገብ የጎን ማሰሪያ ያስፈልጋል። ፋኑ በራሱ ድጋፍ ይቁም፣ ከዳክቱም በተጣጣፊ መጋጠሚያ ይገናኝ። እኔ ገመድ እወዳለሁ፤ ሥራ ያቀላል። ከባድ አቧራ የሚያልፍበትና ለፋን የቀረበ መስመር ላይ ግን አሁንም ክር ያለው ዘንግ እመርጣለሁ።

የኮርኒስ ፍሬምና የሌላ ሰው ቧንቧ ላይ ምንም እንዳታስሩ። የማጽጃ በሩ ሲከፈት ዱቄቱ ከግማሽ አልፎ ከተገኘ ፋኑን አስቁሙ፣ ከዳክቱ ሥር ያለውን ሰው አስወጡ፣ ከዚያ ማንጠልጠያዎቹን አንድ በአንድ ፈትሹ።