ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በጾም የሚመጣው ረሃብ ሳልበላ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ እሠራለሁ። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን ሆዴ እየጮኸ ሰው ፊት ያሳፍረኛል። 6 ሰዓት ላይ ደግሞ ረሃቡ ይጠናብኛል፣ ራሴንም ያመኛል። የሚገርመኝ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ምንም ሳልቀምስ ረሃቡ ብን ብሎ ይጠፋል። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ የ4 ሰዓቱ ጭራሽ አይመጣም። 9 ሰዓት ሞልቶ ማዕድ ስቀርብ ግን በ10 ደቂቃ ሁለት እንጀራ እጨርስና መተንፈስ ያቅተኛል። ጨጓራ ይሆን? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣላት የማቅጠኛ መርፌ አላት፤ «እሱን ተወጊ፣ ረሃብ የሚባል አታውቂም» ትለኛለች። ክብደቴ 70 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ65 ነው። ስኳርም ግፊትም የለብኝም።

መልስ፦ እንደ አጻጻፍዎ ከሆነ ጨጓራ አይመስለኝም። እኛ አገር ሆድ ውስጥ የተሰማ ድምፅ ሁሉ «ጨጓራዬ ተነሣ» ይባላል። ባዶ ሆዱ ስለጮኸ ብቻ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ሲውጥ የከረመ ሰው ብዙ አይቻለሁ። የእርስዎ ደብዳቤ ግን ስለ አንጀት ሆርሞኖች ለተማሪዎች ሳስተምር ብጠቅሰው የምወደው ዓይነት ነው፤ ስለዚህ መልሴ ትንሽ ቢረዝም አይቀየሙኝ።

በጩኸቱ ልጀምር። ሆድ ባዶ ሲሆን ጨጓራና ትንሹ አንጀት እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። በየአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጠንካራ የመኮማተር ማዕበል ይነሣል። ከቀደመው ማዕድ የቀረውን ፍርፋሪና ባክቴሪያ እየጠረገ ወደ ትልቁ አንጀት ይነዳል፤ እንግዳ ከሸኙ በኋላ ቤት እንደሚጠረገው ማለት ነው። ይህን ጽዳት የሚቀሰቅሰው ሞቲሊን የተባለ፣ ከትንሹ አንጀት መነሻ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ኤሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ውጠው ሆድዎን ቆርጦዎት የሚያውቅ ከሆነ አንዱ ምክንያት እሱ ነው፦ መድኃኒቱ ሞቲሊንን መስሎ አንጀትን ያነቃቃል። የሚሰሙት ድምፅ ምግብ በሌለበት አንጀት ውስጥ አየርና ፈሳሽ ሲገፋ የሚወጣ ነው። ቢያሳፍርም በሽታ አይደለም።

ረሃቡን ራሱን የሚያመጣው ዋናው መልእክተኛ ግን ሌላ ነው፤ ግሬሊን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ የተባሉ ጃፓናውያን የዕድገት ሆርሞንን የሚያስለቅቅ ንጥረ ነገር ሲያስሱ ከአይጥ ጨጓራ ውስጥ አገኙት። ሌላ ነገር ሲፈልጉ የረሃብን ሆርሞን አገኙ ማለት ነው። በሰው ላይ ሲመረመርም በአብዛኛው ከጨጓራ የላይኛው ክፍል እየወጣ በደምና ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ሃይፖታላመስ ወደተባለው የአንጎል ክፍል «ብላ» የሚል መልእክት እንደሚያደርስ ታወቀ። ከምግብ በፊት ይወጣል፣ ከተበላ በኋላ ይወርዳል።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ረሃብን እንደ መኪና ነዳጅ መለኪያ እናስበዋለን፤ ሆድ ይበልጥ በጎደለ ቁጥር መርፌው ይበልጥ የሚወርድ ይመስለናል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ እርስዎ በ8 ሰዓት ከ6 ሰዓት የበለጠ ሊርብዎት ይገባ ነበር። ጤነኛ ሰዎች 24 ሰዓት ሙሉ እህል ሳይቀምሱ ደማቸው እየተቀዳ ሲለካ ግሬሊን በለመዱት የቁርስ፣ የምሳና የእራት ሰዓት ከፍ ይልና ምንም ሳይበሉ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ጨጓራ ከባዶነቱ ይልቅ ሰዓቱን ይቆጥራል ማለት ይቻላል።

የእርስዎ የ6 ሰዓት ረሃብ የምሳ ሰዓት ማዕበል ነው፤ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ያልፋል። የ4 ሰዓቱስ? ከጾሙ በፊት በ4 ሰዓት ሻይ በቦምቦሊኖ ልማድዎ እንደነበር ብገምት የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ጨጓራዎ በጥር የለመደውን በየካቲትም ይጠብቃል። ሁለትና ሦስት ሳምንት በዚያ ሰዓት ምንም ካልመጣለት ግን መጠበቁን ይተዋል። ረመዳንን የሚጾሙ ታካሚዎቼም የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚከብዱና ኋላ እንደሚላመዱት ይነግሩኛል። ራስ ምታቱን በረሃብ ብቻ አያሳብቡ፤ የቀረው የጠዋት ቡናም ሊሆን ይችላል፤ ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ለጥቂት ቀናት ራሱን ያመዋል።

እንቅልፍም እዚህ ውስጥ እጁ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2004 ቺካጎ ውስጥ 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ሲተኙ ግሬሊናቸው በ28 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሌሊት ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ከሆነ በነጋታው ረሃቡ ቢብስብዎት አይግረምዎት።

አሁን ወደ ሁለቱ እንጀራ እንምጣ። የጥጋብ መልእክት የሚመጣው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የጨጓራ መወጠር ነው፤ እሱ በነርቭ በኩል ቶሎ ይደርሳል። ቀጥሎ ስብና ፕሮቲን ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ሲደርሱ ኮሌሲስቶካይኒን ይወጣል፤ ይህ ሆርሞን የሐሞት ከረጢትን ያስጨምቃል፣ የጨጓራን በር ያዘገያል፣ ለአንጎልም «ይበቃል» ይላል። ጂ-ኤል-ፒ-1 እና ፔፕታይድ ዋይ-ዋይ የሚባሉት የጥጋብ ሆርሞኖች ደግሞ በብዛት የሚመነጩት ወደ ታች፣ በትንሹ አንጀት ማብቂያና በትልቁ አንጀት ካሉ ሴሎች ነው። እነዚህ መልእክቶች ጉልበታቸው እስኪሰማ ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ይወስዳል። እርስዎ በ10 ደቂቃ ሲጨርሱ ሁለተኛው እንጀራ የገባው የመጀመሪያው እንጀራ ወሬ አንጎል ሳይደርስ ነው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ሲደርስ መተንፈስ ያቅትዎታል።

ግሪክ ውስጥ ይህን በአይስክሬም ሞክረውታል። 17 ጤነኛ ወንዶች 300 ሚሊ ሊትር አይስክሬም አንድ ቀን በ5 ደቂቃ፣ ሌላ ቀን በ30 ደቂቃ በሉ። ምግቡ ያው፣ መጠኑም ያው ነው፤ ቀስ ብለው በበሉበት ቀን ግን ጂ-ኤል-ፒ-1 እና ፔፕታይድ ዋይ-ዋይ ከፍ ብለው ታይተዋል።

ስለዚህ የምመክርዎት ቀላል ነው። 9 ሰዓት ላይ መጀመሪያ አንድ ሳህን የምስር ወይም የአትክልት ሾርባ ይጠጡ፣ ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይነሡ፤ ቡናው ይቆላ፣ ልጆቹን ያናግሩ። እንጀራው ከዚያ ይቅረብ፣ መጀመሪያ አንድ ብቻ። ሽሮና ምስር ፕሮቲንም አሰርም ስላላቸው ከነጭ ዳቦና ከፓስታ ይልቅ ጥጋብን ያቆያሉ። ውኃ መጠጣት ለጥማትም ለሆድ ድርቀትም መልካም ነው፤ ረሃብን ግን ብዙም አያታልልም። ጨጓራን ለጊዜው ይወጥራል እንጂ ግሬሊንን አያወርድም፤ እሱን የሚያወርደው አንጀት የሚደርስ ምግብ ነው።

ስለ መርፌው። ባልደረባዎ ስሙን ባይነግሩዎትም ሴማግሉታይድ፣ ሰው «ኦዜምፒክ» የሚለው፣ ይመስለኛል። ይህ መድኃኒት ከላይ የጠቀስኩትን ጂ-ኤል-ፒ-1 አስመስሎ የተሠራ ነው። ሰውነትዎ የሚያመነጨው ጂ-ኤል-ፒ-1 በሁለት ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይፈርሳል። ሴማግሉታይድ ግን በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ በሳምንት አንዴ የሚወጉት ለዚህ ነው። «ረሃብ አታውቂም» መባሉ ውሸት አይደለም። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባላቸው ሰዎች ላይ በተደረገው ትልቅ ሙከራ በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 15 ከመቶ ያህል ቀንሰዋል። ከተሳታፊዎቹ ከፊሉ መርፌው ከቆመ በኋላ ሲታዩ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል።

የእርስዎ ክብደት በቁመትዎ ሲሰላ (ቢ-ኤም-አይ የሚባለው ልኬት) 25.7 ይመጣል። መድኃኒቱ ክብደት ለመቀነስ የተፈቀደው ይህ ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም 27 እና ከዚያ በላይ ሆኖ እንደ ግፊትና ስኳር ያለ ተጓዳኝ ችግር ላለበት ነው። እርስዎ ከሁለቱም የሉበትም፤ እኔ ብሆን አላዝልዎትም። በዚያ ላይ ከመከፈቱ በፊት ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ስንት ሰዓት ሙቀት እንደመታው ማን ያውቃል? መጠኑም በ0.25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየአራት ሳምንቱ ቀስ እያለ የሚጨመር እንጂ ጓደኛ የደረሰችበት ላይ የሚጀመር አይደለም። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው፤ የሐሞት ጠጠርና የቆሽት መቆጣትም ሊያመጣ ይችላል። ልጅ የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ ከእርግዝና ቢያንስ ሁለት ወር በፊት መቆም አለበት።

ባልደረባዎን ግን ይህን ይጠይቁልኝ፦ ያዘዘላት ሐኪም አለ ወይ? ከቅርብ ዘመዶቿ የእንቅርት እጢ ካንሰር ያለበት አለ ወይ? ካለ መርፌውን ትተው፣ ሐኪምም ታማክር። ከላይኛው ሆድ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ የማይለቅ ከባድ ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣባት ደግሞ «ጨጓራዬ ነው» ብላ ቤት አትቆይ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ትሂድ፣ መርፌ እንደምትወጋም አትደብቅ።