የአንባቢያን ጥያቄ፦ ወደ ቅጥር ባለሙያዎች ጉባኤ ለሚሄዱ

ጥያቄ፦ ለሁለት የምንሠራበት አነስተኛ የቅጥር ኤጀንሲ አለን። ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ቀን የሙያ ጉባኤ ልሳተፍ ነው። በተመሳሳይ ሰዓት በአራት አዳራሽ ገለጻ አለ፤ የቱን ልምረጥ? ከሌላ ኤጀንሲ ጋር በጋራ ለመሥራት ብንስማማስ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ የገለጻው ስላይድ ብዙ ጊዜ በኋላም ይገኛል፤ ሰዎቹን ግን በአንድ ቦታ አያገኟቸውም። በቀን ከሦስት ገለጻ በላይ አይያዙ። ተናጋሪው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ዕጩ ሲፈልግ የሚያሳይበትን ያስቀድሙ። «የቅጥር መጪው ዘመን» ዓይነት ርዕስ ያለው ቢያመልጥዎት አይቆጭም።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከተሳታፊዎች ዝርዝር አምስት ስድስት ሰው ይምረጡ፤ ተፎካካሪዎን ሳይሆን የጎደለዎትን የሚሞላውን። መልእክቱ እንዲህ ይሁን፦ «የማስቀጥረው የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ ደንበኞቼ መሐንዲስ ሲጠይቁኝ የማቀርበው የለኝም። ማክሰኞ ጠዋት በሻይ እረፍት 15 ደቂቃ ይኖርዎታል?» ቀንና ሰዓት የሌለው «እንገናኝ» ተረስቶ ይቀራል።

በጋራ ሲሠራ አንዱ ክፍት የሥራ መደቡን፣ ሌላው ዕጩውን ያመጣል፤ ኮሚሽኑን አብዛኛውን ጊዜ እኩል ይካፈላሉ። የሚያጣላው ግን ክፍፍሉ አይደለም። ሲቪውን ሲልኩ ባልደረባዎ «ይህ ሰው ድሮም መዝገቤ ውስጥ አለ» ይላል፤ ማን ቀደመ የሚለው ያኔ ይነሳል። ስለዚህ ሲቪ ሁልጊዜ በኢሜይል ይላክ፤ ተቀባዩም ዕጩውን ያውቀው እንደሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ። ዕጩው የላኪው ሆኖ የሚቆጠረው ለ6 ወር ነው ወይስ ለ12? ይህም ይጻፍ። ሌላው ዋስትና ነው። ተቀጣሪው ለደንበኛው ቃል በተገባው ጊዜ ውስጥ፣ ለምሳሌ በ90 ቀን፣ ሥራውን ቢለቅ ተመላሹ ገንዘብ ከሁለታችሁም ኪስ እንደሚወጣ ካልተጻፈ፣ ደንበኛውን ያመጣው ብቻውን ይከፍላል። የእርስዎ ድርሻ ደንበኛው ከከፈለ በስንት ቀን እንደሚደርስዎትም ይወሰን። ዕጩውን ሳያስፈቅዱ ሲቪውን ለማንም አያሳልፉ።

ጥያቄ፦ በኤግዚቢሽኑ ሻጮች ሁሉ ባጄን ስካን ማድረግ ይፈልጋሉ። ልፍቀድላቸው? የምልመላ ሶፍትዌር ሲያሳዩኝስ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ስካን ማለት ስምዎና ኢሜይልዎ ለሻጩ ተላለፈ ማለት ነው፤ ለሚፈልጉት ብቻ ይፍቀዱ። ሲመዘገቡ ለዚህ ብቻ የሚሆን ኢሜይል ቢሰጡ ደግሞ ይገላገላሉ።

ሻጮች ለማሳያ የሚያቀርቡት ሲቪ ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ ሲቪውን አንብቦ የሚመዘግበው ፕሮግራም አይሳሳትም። እርስዎ ስምና ስልክ ያጠፉባቸውን ሦስት አስቸጋሪ ሲቪዎች ይዘው ይሂዱ፦ ባለ ሁለት ዓምድ፣ በሠንጠረዥ የተሠራ፣ በፎቶ የተነሣ። ፕሮግራሙ ሁለቱን ዓምዶች እንደ አንድ መስመር ካነበበ የአንዱን መሥሪያ ቤት ዓመት ከሌላው የሥራ መደብ ጋር ያጋባዋል። እንዲህ የተበላሸ መዝገብ ላይ ዕጩ ቢፈልጉ አያገኙም። ውል ሲያቋርጡ መረጃዎ በምን መልክ እንደሚመለስም ይጠይቁ። ስምና ስልክ ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ የሲቪ ፋይሎቹና የጻፏቸው ማስታወሻዎችም አብረው መውጣት አለባቸው።

ጥያቄ፦ የኤስኤችአርኤም (የአሜሪካው የሰው ሀብት አስተዳደር ማኅበር) የሙያ ምስክር ወረቀት አለኝ። ጉባኤው ለማደሻ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ በሦስት ዓመት 60 ነጥብ ያስፈልግዎታል፤ ከሙያው ጋር የተያያዘ የአንድ ሰዓት ትምህርት አንድ ነጥብ ነው። የሚቆጠረው የገለጻው ሰዓት እንጂ ሻይ እረፍቱ ወይም ኤግዚቢሽኑ አይደለም። የተሳትፎ ማረጋገጫውንና መርሐ ግብሩን ያስቀምጡ።