ገጸ ባሕርያትሽ 1933ን እንዳያውቁ አድርጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ፋሺስትን ስለታገሉ ወጣቶች ልብ ወለድ ጀምረሽ፣ ሦስት ምዕራፍ ከጻፍሽ በኋላ «ሰዎቼ ሐውልት ሆኑብኝ፣ አልንቀሳቀስ አሉኝ፤ ምን ላድርግ?» ብለሻል። ያያያዝሽውንም ገጽ አየሁት። እኔ አዳማ ውስጥ ለ9 ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ የወጣቶች የጽሑፍ ክበብ ሳስተባብር ቆይቻለሁ። የካቲት በተቃረበ ቁጥር ልጆቹ ስለ አርበኞች ጽፈው ይመጣሉ፤ ሁልጊዜም አንቺን የገጠመሽ ይገጥማቸዋል። ከእነሱ ጋር ስወድቅ ስነሳ የተማርኩትን ልንገርሽ።

በላክሽው ገጽ ላይ የ17 ዓመቱ ተማሪ በ1929 ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ታናሽ እህቱን «አይዞሽ፣ ጠላት አፍሮ የሚወጣበት ቀን ቀርቧል» ይላታል። ችግሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ይህ ልጅ 1933ን ያውቃል። አንቺ ስለምታውቂ እሱም አወቀ። ኢጣሊያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ስትገባ፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያችው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ከተማይቱን እንደሚረግጡ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ንጉሡ ሦስት ቀን ቀደም ብለው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጥተዋል። ያ ባቡር በእኛ ከተማ ሐዲድ ላይ ነው ያለፈው፤ የክበቡን ልጆች አሮጌው ጣቢያ ድረስ ወስጄ «እዚህ ቆማችሁ ሲያልፍ አያችሁት እንበል፤ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ምን ትላላችሁ?» እያልኩ እጠይቃቸው ነበር። ብዙዎቹ ዝም ይሉ ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር ደግሞ በኢጣሊያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ያ ክረምት እንኳ ሳይወጣ አነሳው። እንግዲህ ለዚያ ልጅ ጣሊያን የመጣው ላይመለስ ነው። ጎረቤቱ «ተው ልጄ፣ ቤተ ሰብህን አታስፈጅ» ሲለው ፈሪ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡ ትክክል ስለሚመስል ነው። ልጅሽ ያንን ሒሳብ ይስማው። መልስ ይጣለት። መልስ አጥቶም ሌሊት በሩን ከፍቶ ይውጣ። ያን ጊዜ ይንቀሳቀስልሻል።

ስለዚህ ቀይ እስክሪብቶ አንሺና መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ሊናገረው የሚችለውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሰርዢ። ይህን ስናደርግ አንዱ ልጅ ከ8 ገጽ 3 ብቻ ቀረለት፤ ተቀይሞ ሁለት ሳምንት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ ግን እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገር ይዞ መጣ። ታሪኩ የአንድ ሌሊት ብቻ ነው። አንድ ልጅ የሚፈለግ ጓደኛውን ቤቱ ደብቋል፤ ጓደኛው ብርድ መቶት ያስላል። ቤቱ ከጎረቤት የሚለየው በጭቃ ግድግዳ ነው። የሁለት ሰው ሳል እንዳይታወቅ ልጁ ጓደኛው ባሳለ ቁጥር አብሮት ያስላል፤ ጉሮሮው እስኪደማ ሌሊቱን ሙሉ ያስላል። ሲነጋ ጎረቤትየዋ ዳማከሴ ቆርጣ መጣች። በሩ ላይ ሰጥታው ዞር ካለች በኋላ «ለሁለታችሁም ይበቃል» አለችው። ታሪኩ እዚያ ላይ አለቀ። መሣሪያ የለም፣ ባንዲራ የለም፣ ንግግር የለም። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሰዎች ለጥቂት ጊዜ መናገር አቃተን።

«አብርሃ ደቦጭንና ሞገስ አስገዶምን ገጸ ባሕርይ ላድርጋቸው?» ላልሽው የእኔ መልስ ከሩቅ ይታዩ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም በዛሬው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የኢጣሊያ ልዑል ተወለደ ተብሎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ሁለቱ ኤርትራውያን ወጣቶች በኢጣሊያ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒ ክፉኛ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ላይ የወረደውን ታውቂዋለሽ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው፤ ዝቅ አድርገው የገመቱ ተመራማሪዎች እንኳ በሺዎች ይቆጥሩታል። በግንቦት ደግሞ ደብረ ሊባኖስ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ባስተላለፈው መልእክት በመጀመሪያ 297 መነኮሳት፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት መረሸናቸውን ገልጿል። ዲያቆናቱ ያንቺ ባለ ታሪክ እኩዮች ነበሩ።

ይህን የምዘረዝርልሽ ለምንድን ነው? ምክንያቱም ያንቺ ልጅ ምጽዋት ሊቀበሉ ከቆሙት መካከል ሊሆን ይችላል። አጠገቡ የቆሙት አሮጊት ስለ ቦምቡ የሚያውቁት ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን፣ ሰፈሩ ተቃጥሎ፣ አንድ ሰው ተነስቶ «እነዚያ ልጆች አስፈጁን» ማለት አለበት። አትፍሪ፣ አስብዪው። ያንን ያለው ሰው ልጆቹን የቀበረ አባት ይሁን። ባለ ታሪክሽም ከዚህ በኋላ የምስጢር ወረቀት ለማድረስ ሲወጣ ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ብቻ እንዳልሆነ እያወቀ ይውጣ። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር ተከራክሬአለሁ፤ የሰማዕታቱን ክብር ይነካል ይላሉ። እኔ ደግሞ ክብራቸው የሚጎላው ያን ያህል ከባድ ነገር ተሸክመው እንደነበር ስናሳይ ነው ባይ ነኝ።

ትግል ማለት ቦምብ ብቻ እንዳይመስልሽ ሁለት ነገር ልጠቁምሽ። የጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣት ካዴቶችና ውጭ አገር የተማሩ ልጆች ነበሩ። በሰኔ 1928 ነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ ላይ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ያቃጠሉት እነሱ ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ደንባቸው ነው፤ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይንገላታ ብለው ጽፈዋል። ተርቦ የገበሬ ጎተራ ፊት የቆመ የ19 ዓመት ካዴት አስቢ፤ ደንቡን ያረቀቀው ራሱ ነው። ሌላው፣ ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን እንዲገድሉ አዟል፤ የጣሊያን አገዛዝ ይወድቃል እያሉ ያወራሉ በሚል ነው። ማሲንቆ የሚማር ልጅ ብትጽፊ ቅኝቱ ብቻ እንኳ ያስገድለዋል ማለት ነው። «15 ዓመት ለአርበኝነት አያንስም ወይ?» ላልሽው ደግሞ ጃገማ ኬሎ በረሃ ሲገቡ ዕድሜያቸው ያው 15 ገደማ ነበር።

ስለ ዕቃና ስለ ስም ብዙ አልልም፤ ብቻ ተጠንቀቂ። አንዷ ልጃችን አርበኛዋን ቢጫ ጀሪካን አሸክማት ነበር፤ እንስራ አደረግነው። አዳማን በ1929 «ናዝሬት» ብለሽ አትጥሪያት፤ ያ ስም ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው። ገበያ ላይም ሰው እምነቱ በማርትሬዛ ብር ላይ ነበር፤ የጣሊያንን ወረቀት ሊሬ ገበሬው በግድ ነበር የሚቀበለው።

በመጨረሻ የጠየቅሽው ስለ ባንዳው ነው። «ጨካኝ ላድርገው ወይስ ይራራ?» ብለሻል። እኔ ሁለቱንም ትቼ አያቴ የነገረችኝን ልንገርሽ። ያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ሆና ሞጆ አጠገብ ይኖሩ ነበር። እናቷ ጥሩ አድርጋ የፈተለችውን ልቃቂት በቅርጫት ሰጥታ ወደ አክስቷ ቤት ላከቻት። መንገድ ላይ ፈታሾች አስቆሟት። ከነሱ አንዱ የሰፈራቸው ሰው ነበር፤ እናቷን በስም ያውቃታል። ልቃቂቱን አነሳ፣ ክሩን ጥቂት ሳበው፣ ከዚያ መሬት ላይ ጣለው። እየተተረተረ አቧራው ላይ ተንከባለለ። አያቴ አለቀሰች። ያለቀሰችው እናቴ ትገርፈኛለች ብላ ነው፤ ነጩ ፈትል ቆሽሿል። ሰውየው ሳቀና «ሂጂ» አላት። እያለቀሰች ጠቅልላ ሄደች።

ልቃቂቱ መሐል ወረቀት እንደነበረ ያወቀችው ካገባች በኋላ ነው። ሰውየው አይቶ ይሁን ሳያይ አያቴም አታውቅም ነበር፤ ስለዚህ አንቺም በልብ ወለድሽ አትወስኚው። በእናቷ ግን እስከ እርጅናዋ ድረስ ቅሬታ ነበራት፤ «ሳትነግረኝ ላከችኝ» ትል ነበር። እናትየዋን ታደንቃት ነበር፣ ይቅር ግን አላለቻትም፤ ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን «እማዬ፣ ጀግና ነበርሽ እኮ» ብላት ተቆጣችኝ።

«ምን ጀግንነት አመጣህ? እኔ ያዘንኩት ለፈትሉ ነው» አለችኝ።