ክሬቲኒን ኖርማል ከሆነ የሽንት አልቡሚን ለምን?

ወንድሜ፣ «ስኳር አለብኝ፤ የደም ክሬቲኒኔ ኖርማል ነው ተብሎ ሳለ ሐኪሙ ለምን የሽንት አልቡሚን ምርመራ ጨመረብኝ?» ላልከው፣ ሐኪምህ ልክ ነው።

ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚመጣ፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፤ ለኩላሊት ጉዳት ግን ዘግይቶ የሚመጣ ምስክር ነው። ኩላሊት ትርፍ አቅም ስላለው፣ ግማሽ ያህል ሥራው እስኪጓደል ድረስ የደሙ ቁጥር ደህና ሊመስል ይችላል። ጡንቻው ያነሰ ሰው ላይማ ይብስ ያሳስታል። አልቡሚን ግን ፕሮቲን ነው፤ ጤነኛ የኩላሊት ማጣሪያ ወደ ሽንት እምብዛም አያሳልፈውም። ስኳር ማጣሪያውን መጉዳት ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ይህ መፍሰስ ነው። ያኔ ሕመምም እብጠትም የለም።

ውጤቱ ላይ የአልቡሚንና የክሬቲኒንን ምጣኔ ፈልግ። ለ1 ግራም ክሬቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ30 እስከ 300 ያለው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሽንት ውስጥ የሚነከረው ተራ ስትሪፕ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠውም ይኸው ነው (ስለዚህ «ስትሪፑ ንጹህ ነው» ተብለህ አትዘናጋ)።

አንዴ ከፍ አለ ብለህ ደግሞ አትደንግጥ። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በዋዜማው የተሠራ ከባድ ስፖርት ሁሉ ከፍ ያደርጉታል። ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ከተወሰዱ 3 ናሙናዎች 2ቱ ከፍ ሲሉ ነው የሚታመነው። የምትሰጠው የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ቢሆን ይመረጣል።